ጫት ወይስ ቡና? ከሐረር ዙሪያ ማሳዎች

ሐረር ዙሪያ ቁራሽ መሬት ያለው ገበሬ ጫት ይትከል ወይስ ቡና? ለኪስ ብቻ ከሆነ ብዙም አያከራክርም። ጫት ውሃ ካልጎደለበት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል። አወዳይ ገበያ ደርሶ ሲሸጥ ብሩ በዚያው ቀን እጅ ይገባል። ቡና ግን በዓመት አንዴ ነው። ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ዋጋው ደግሞ ከኒውዮርክ ገበያ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጣጣው ውሃው ጋ ነው። በበጋ፣ ዋጋው ሲሰቀል፣ ጫት የሚቆርጠው የውሃ ሞተር ያለው ነው። እሱ ጉድጓዱን ባጠለቀ ቁጥር የጎረቤቱ ባልዲ ባዶውን ይወጣል። ሞተር የሌለው የሚሸጠው በክረምት ነው፤ ያኔ ገበያው ሞልቶ ጫት ይረክሳል። አንድ ተክል፣ አንዱን ፎቅ ያሠራል፣ ሌላውን የቀን ሠራተኛ ያደርጋል።

ሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ የደረቀው በጫት ብቻ አይደለም። ደለሉም፣ ለሐረር ከተማ የሚሳበው ውሃም አለበት። ዳር ዳሩን የተደረደሩት ሞተሮች ግን ድርሻቸው ቀላል አልነበረም። ሐረርም ውሃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ ወረደች።

ቡና ቢያንስ ደርቆ ጎተራ ይቀመጣል፤ ጫት በሁለት ቀን ይጠወልጋል። ቡናውን በነቀለ ገበሬ አልፈርድም፣ ልጅ የሚማረው በብር ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሞተር የሌለውን «አትንቀል» እለዋለሁ። ባለሞተሩን ደግሞ በሚስበው ውሃ ልክ አስከፍለዋለሁ።