ቫንኮማይሲንን በኤዩሲ መከታተል፦ ለጽኑ ሕሙማን ኩላሊት ያዋጣል?

እዚህ የምንመዝነው የሆስፒታል ፋርማሲ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሰጠውን የቫንኮማይሲን (የባክቴሪያ ኢንፌክሽን መድኃኒት) ክትትል ነው። ቀድሞ የሚታየው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ቀጣዩ መጠን ሊሰጥ ሲል በደም ውስጥ የቀረው ክምችት በሊትር ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም እንዲሆን ይፈለግ ነበር። እዚያ ለመድረስ መጠኑ ሲጨመር ብዙ ኩላሊት ተጎድቷል። በ2020 የወጣው የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት የጋራ መመሪያ ለከባድ የኤምአርኤስኤ (የተለመዱ አንቲባዮቲኮችን የተቋቋመ ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ) ኢንፌክሽን ይህን ትቶ፣ ኤዩሲ የሚባለው ሰውነት በ24 ሰዓት ለመድኃኒቱ ያለው ጠቅላላ ተጋላጭነት ከ400 እስከ 600 (ሚሊግራም በሊትር በሰዓት ተባዝቶ) እንዲሆን መከረ። ለ24 ሰዓት ተካፍሎ በአማካይ ክምችት ሲታሰብ በሊትር ከ17 እስከ 25 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ለውጡ ትክክል ነው እንላለን።

ኩላሊቱ ደክሟል ተብሎ የመጀመሪያውን መጠን መቀነስ ግን ስህተት ነው። እሱን የሚወስነው ክብደት ነው፤ ኩላሊት የሚታሰበው ለተከታዩ መጠንና ለሰዓት ልዩነቱ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ በኪሎ 25 ሚሊግራም ቢታዘዝ 1750 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ሦስት ተኩል ይሆናል። እያንዳንዱ ብልቃጥ በ10 ሚሊሊትር የመርፌ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ በ500 ሚሊሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ገብቶ በደቂቃ ከ10 ሚሊግራም ሳይበልጥ ለ3 ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል።

አገልግሎቱ የሚበላሸው ናሙናው ላይ ነው። ሁለት ያስፈልጋሉ፦ አንዱ መድኃኒቱ ገብቶ ካለቀ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ፣ ሌላው ቀጣዩ ሊሰጥ ሲል። መድኃኒቱ በገባበት መስመር ደም ከተቀዳ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይንራል። ጠዋት 12 ሰዓት የታዘዘው 2 ሰዓት ላይ ተሰጥቶ በቻርቱ 12 ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ፣ ሁለተኛው ናሙና ከሚገባው ቀድሞ ይወሰድና መድኃኒቱ የተጠራቀመ ይመስላል፤ መጠኑ በከንቱ ይቀነሳል። ስለዚህ ነርሷ የጀመረበትንና ያለቀበትን እውነተኛ ደቂቃ ትጻፍ፤ ይህ ከየትኛውም የኮምፒውተር ስሌት ይበልጣል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ድክመት ላቦራቶሪ ላይ መንጠልጠሉ ነው። ውጤት ከአንድ ቀን በላይ ከዘገየ የታካሚው ኩላሊት ተለውጦ ይጠብቃል። የክምችት ምርመራ በሌለበት ሆስፒታል ሽንት በየሰዓቱ ይለካ። ለ6 ሰዓት በኪሎ በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር ከወረደ፣ ወይም በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን (ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ) በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ፣ ቀጣዩ ብልቃጥ ከመከፈቱ በፊት ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ይጠሩ።