ሰልባጅ የገዛሁት የጀርባ ቦርሳ፣ ከዘጠኝ ወር የሐዋሳ ዳርቻ ጉዞ በኋላ

ቦርሳውን የገዛሁት ኅዳር ላይ ነው። ባለ 40 ሊትር፣ ሰልባጅ። ሻጩ «ውሃ የሚባል ነገር አያስገባም» ብሎ ምሎልኛል። ኅዳር ላይ ደግሞ ማን ያረጋግጣል? መጋቢት ላይ ትንሽ ካፊያ ነካው፣ ቻለው። እኔም አመንኩት።

ሰው ሐዋሳ የሚመጣው ለታኅሣሥ ገብርኤል ወይ ለበጋ ቅዳሜና እሁድ ነው። እኔ ግን ክረምቱን ነው የምወደው። ሐምሌ 19 ላይ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማው ይሞላል እንጂ፣ ከዚያ ውጪ የሐይቁ ዳር ጭር ያለ ነው፤ ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ ውሃው እንደ መስታወት ይተኛል፣ ከሰዓት ንፋሱ ይነሳና ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ብቻዬን ነው የምሄደው። «ብቻሽን?» የሚለውን ጥያቄ ለምጄዋለሁ።

ከጥሩው ልጀምር። የወገብ ማሰሪያው ወፍራምና ሰፊ ነው። መጀመሪያ እሱን ዳሌ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ የትከሻውን ከዚያ በኋላ ሳቡ፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያደርገው፣ ከዚያ ትከሻዬን አመመኝ ይላል። ዘጠኝ ኪሎ ይዤ ግማሽ ቀን ስሄድ ወገቤ እንጂ አንገቴ አልተሰማኝም። የደረት ማሰሪያው ዘለበት ላይ ደግሞ ትንሽ ፊሽካ አለ። ስገዛው አላየሁትም ነበር። አንድ ማለዳ ውሻ ሲከተለኝ ነፋሁት፣ ውሻው ከእኔ በላይ ደነገጠ።

አሁን ወደ ውሸቱ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከዓሣ ገበያው ከአሞራ ገደል ተነስቼ ዳር ዳሩን ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ አቅጣጫ ስሄድ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ። የቦርሳውን የዝናብ ሽፋን ወዲያው አለበስኩት። ግን ሽፋን የሚሸፍነው ከላይና ከውጭ በኩል ነው፤ ጀርባዬን የነካው ወገን ክፍት ስለሆነ ከአንገቴ የወረደው ውሃ በዚያው ተንቆረቆረ፣ ስፌቶቹም አሳለፉት። ቅያሪ ልብሴ፣ ዳቦዬ፣ ቻርጀሬ፣ ሁሉም ራሰ። ቤት ገብቼ ስፈትሸው የውስጡ ውሃ መከላከያ ቅብ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ይሄ ቅብ በእድሜና በእርጥበት ይበላሻል፣ አጠባ አይመልሰውም። ሰልባጅ ስትገዙ እጃችሁን አስገብታችሁ ውስጡን እሹት። ከተጣበቀባችሁ ወይም ቅርፊት ከረገፈ፣ የሻጩን መሐላ እርሱት።

አሁን ውስጡ ትልቅ ጥቁር ላስቲክ ዘርግቼ፣ ዕቃዬን ከትቼ፣ አፉን ጠምዝዤ አጥፈዋለሁ። ከሽፋኑ በጣም ይሻላል። ዋጋው ደግሞ ምንም ነው።

ዚፑ ስድስተኛው ወር ላይ መንከስ ጀመረ። ሐይቁ የሚታይ መውጫ ስለሌለው ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ይሞላል፣ ዳርቻው ሁሉ ጭቃ ነው፣ ጭቃው ጥርሱ ውስጥ ይደርቃል። በጥርስ ብሩሽ አጥቤ ጧፍ አሸሁበት፣ እስካሁን እየሄደ ነው። የቀኝ ትከሻው ስፌት ሲተረተር ሰፈር ያለ ጫማ ሰፊ በጫማ ክር ደርቦ ሰፋልኝ። «እህቴ፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የምትመላለሺበት?» አለኝ።

የጎን ኪሱ መረብ ነው፣ እሱም ተቀዷል። አሞራ ገደል ላይ የተጠበሰ ዓሣ በፌስታል ጠቅልዬ እዚያ ሸጉጬ፣ ቁጭ ብዬ ሾርባዬን ስጠጣ አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ከኋላ መጥቶ ፌስታሉን ከነመረቡ ጎተተው። ይሄን እንኳ በቦርሳው አላሳብብም።

ጨለማ ላይ እንዴት ነው ለምትሉኝ፣ አላውቅም፣ አልሞከርኩትም። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፣ ስለዚህ ቄጤማ ያለበትን ዳር ፀሐይ ሳትጠልቅ እለቃለሁ፤ የትኛው ጋ እንደታየ ዓሣ አጥማጆቹን እጠይቃለሁ።

በዚያው ዋጋ ደግሜ እገዛው ነበር? ለወገብ ማሰሪያው ስል አዎ፣ ግን ተከራክሬ። አሁን ነሐሴ ነው፣ በረንዳ ላይ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ሦስት ቀኑ ነው፣ ገና አልደረቀም።