የሳቢያኑ ብረታ ብረት ቤት፦ በሩም፣ አሠራሩም
ድሬ ላይ የላሜራ በር ያሠራ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል። ሲገጠም ቀጥ ያለ ይመስላል። ወር ሳይሞላው መሬት መፈተግ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላማ ከሙቀቱ የተነሳ በእጅ አይነካም። ሳቢያን አካባቢ ካለ አንድ ብረታ ብረት ቤት ያሠራሁት በር ግን እስካሁን ንቅንቅ አላለም። በሩን ወድጄዋለሁ፤ ይበልጥ ደስ ያለኝ ግን አሠራራቸው ነው።

ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። የተበላሸ ሥራ ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ምን መፍትሔ እንደተገኘ። ማን እንዳበላሸው ግን አይጻፍም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ስሙ የሚለጠፍበት ሠራተኛ ጥፋቱን ይደብቃል እንጂ አያወጣም። አንዱ መስመር «ፍሬም ተጣሟል፣ አንዱ ጎን ቀድሞ ተበይዶ ስላለቀ ሙቀቱ ጎትቶታል» ይላል። አሁን መጀመሪያ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ ብየዳ ብቻ ይይዙታል፣ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ለክተው ሁለቱ እኩል መሆናቸውን ያያሉ፣ ከዚያ ጎን እያቀያየሩ ይጨርሱታል።

ባለቤቱ ካይዘን የሚባለውን፣ አሠራርን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ሠልጥኗል። ካይዘን እኛ ጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ድጋፍ ነው፣ በ2011 ደግሞ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ብዙ ቦታ የቀረው ፖስተሩ ነው። እዚህ ግን ሥራ ላይ ውሏል። የተበላሸ በር መልሶ መሥራት ሲቀንስ ጊዜ ተረፈ፣ በተረፈው ጊዜ አንድ ወጣት በያጅ በቁርጥራጭ ላሜራ መሞከር ጀመረ። ከላይ ዘንበል ያሉ ክንፎች ያሉት፣ ተዘግቶም አየር የሚያስገባ በር ሠራ። ለድሬ ሙቀት ሁነኛ ነገር ነው! ባለቤቱ «ና እስቲ ይሄን እይ» ብሎ ሲያሳየኝ ሌላ አላማረኝም።

ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው። ይሄን ባለ ክንፍ በር ላዝዝ ስል ትዕዛዝ የምትቀበለው ልጅ «ፎርሙ ላይ የለም» ብላ መለሰችኝ። ባለቤቱ ገብቶበት ነው የተጻፈልኝ። ስሪ ኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረው ኃላፊ ጀምስ ማክነርኒ ሲክስ ሲግማ የተባለውን የጥራት ሥርዓት በየክፍሉ አስገባ፣ ወጪ ቀነሰለት፣ ተመራማሪዎቹ ግን ገና ላልተሠራ ነገር ሪፖርት መሙላት አንገሸገሻቸው። ተተኪው ጆርጅ በክሊ በምርምሩ በኩል አላላላቸው። ለተለመደው በር መቆጣጠሪያው ይጥበቅ፣ ልክ ነው። አዲስ ሙከራ ግን የራሱ መዝገብ ይኑረው፣ አለበለዚያ ያ ወጣት ነገ ሐሳቡን ይዞ ዝም ይላል። ለባለቤቱም ይሄንኑ ነግሬዋለሁ።

ሌላው ቀለሙ ነው። ማጠፊያው ስር አንቲረስቱ፣ ማለትም ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ ስስ ነበር፣ የፍተሻ ወረቀቱ ላይ ግን «ታይቷል» ተብሎ ተፈርሟል። ሳይከራከሩ ደገሙልኝ፣ ሰሌዳውም ላይ አሰፈሩት።

ዋጋቸው ከሌሎቹ ትንሽ ወደድ ይላል፣ ግን ያወጣል። ባለ ክንፉን በር ከፈለጋችሁ ባለቤቱን ራሱን አናግሩት። ስትረከቡም የማጠፊያውን ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩት።