የሞጋዎ ዋሻዎች ጉብኝት፣ ዱንሁዋን፣ ቻይና
ዱንሁዋን ድረስ ሄዳችሁ ይሄን ሳታዩ እንዳትመለሱ! የሐር መንገድ (ቻይናን ከምዕራቡ ጋር ያገናኝ የነበረው የጥንት የንግድ መስመር) ነጋዴዎች በረሃው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ያርፉባት የነበረች ከተማ ናት፣ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ የሆኑት ዋሻዎቹ ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፣ መቆፈር የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ366 ነው፣ ሥዕል ያለባቸው ብቻ 492 ናቸው። መጀመሪያ ፊልም ያሳዩዋችኋል ከዛ በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ። አስጎብኚያችን በሩን በቁልፍ ከፍታ ባትሪዋን ግድግዳው ላይ ስታበራ ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀለም ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው፣ እኔማ ቃል አጣሁ። 35.5 ሜትር ከፍታ ያለው የቡድሃ ሐውልት ሥር ቆሜ ቀና ስል አንገቴን አመመኝ። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው፣ ልክ ናቸው፣ የሰው ትንፋሽ እንኳን ሥዕሉን ይጎዳዋል። በቻይና የሙቀት ወቅት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ከሆነ የምትሄዱት ትኬት ቀድማችሁ ያዙ፣ ቶሎ ያልቃል።