የተኳረፈ ቤተሰብ ታሪክ፦ በፊልም ወይስ በተከታታይ ድራማ?

ሰሞኑን ስለ አራት የተኳረፉ እህትና ወንድሞች የተሠራ ፊልም አይቼ ከልቤ አዘንኩ። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው፤ ታሪኩ ግን ተጣደፈ። የ20 ዓመት ኩርፊያ እንዴት በአንድ እቅፍ ይፈታል? ታዲያ እንዲህ ላለ ታሪክ የትኛው ይሻላል?

ጊዜ፦ ፊልም 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ተከታታይ ድራማ 8 ወይም 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል።

ገጸ ባሕርያት፦ 120 ደቂቃ ለአራት ልጆች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ ይደርሳል፤ ያውም እናትና አባት ሳይቆጠሩ። በዚያ ፊልም ታናሽየዋ የሟች አባቷን ኮት ከመስቀያው አውርዳ ኪሱን ስትዳብስ፣ ታላቋ በር ላይ ቆማ ታያታለች። አንዳቸውም ቃል አይተነፍሱም። ከፊልሙ ሁሉ እውነት የነበረው እሱ ነው። ዳይሬክተሩ ግን ወዲያው ወደ ጩኸቱ ተመለሰ። ተከታታይ ድራማ ቢሆን እዚያ በር ላይ ለመቆየት ጊዜ ነበረው።

አደጋው፦ ፊልም ይቸኩላል፤ ድራማ ይንዛዛል፣ ያንኑ ጠብ ያመነዥካል።

ታሪኩ ከቀብር መልስ ባለች አንዲት ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ፊልም ይበቃዋል፤ እንዲያውም ያምርበታል። ቂሙ ከልጅነት የመጣ፣ ልጆቹም ብዙ ከሆኑ ግን እኔ ተከታታዩን እመርጣለሁ።