ቦገንቪሊያ ወይስ ጄራኒየም? ከደሴ በረንዳ የታየ

በ2015 መስከረም መጨረሻ ኮምቦልቻ ታናሽ እህቴን ጠይቄ ስመለስ፣ መንገድ ዳር ችግኝ ደርድሮ ከሚሸጥ ልጅ ሁለት አበባ ገዛሁ፤ ሐምራዊ ቦገንቪሊያ በ250 ብር፣ ቀይ ጄራኒየም በ70 ብር። ልትሸኘኝ የወጣችው እህቴም ከዚያው ረድፍ አንድ ቦገንቪሊያ አነሣች። የሷና የኔ በቁመትም በቅጠልም አይለዩም ነበር። ዛሬ የሷ የግቢዋን በር አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ተዘርግቷል። የኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ያበበው አንዴ ነው፣ ያውም ሁለት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ብቻ። በ70 ብር የገዛሁት ጄራኒየም ደግሞ ከመስከረም እስከ ሰኔ ቀይ እንደለበሰ ይከርማል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጀበና ቡና የምሸጥባት አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ። አበቦቼ ያሉት በረንዳው ላይ፣ ደንበኛ ከሚቀመጥበት ዱካ አጠገብ ነው። ቡናውን የሚጠጣ ሁሉ «እትዬ፣ ይሄን የት ገዛሽው? እኛስ ቤት ይሆናል?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ስመልስ ቡናው እየገነፈለ ስላስቸገረኝ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከሻጩ ልጀምር። «ምን ምን ይፈልጋል?» ብለው «እናቴ፣ ይሄ የትም ይበቅላል፣ ውሃ ብቻ አይጉደልበት» አለኝ። ለቦገንቪሊያ ከዚህ የባሰ ምክር የለም። ልጁ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። ግን 250 ብር የሚቀበል ሰው «የት ነው የሚተከለው?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ደሴ ነው ብለው ኖሮ አንድ ነገር ባለኝ ነበር። እኔም አልጠየቅሁም፣ ቀለሙ ዓይኔን ያዘው።

ኮምቦልቻና ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር። ይሄ ልዩነት በሙቀት ሲታሰብ 4 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ከደሴ ጋቢ ደርቦ የተነሣ ሰው ሐረጎን ወርዶ ሲጨርስ ጋቢውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ያደርገዋል፤ አበባ ግን የሚያወልቀውም የሚደርበውም የለውም። በዚያ ላይ እኛ ጦሳ አለን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቶሎ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። የኔን በረንዳ ጠዋትም ከፊት ያለው ፎቅ ይጋርደዋል። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ቦገንቪሊያ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይሄን ሳላውቅ ብዙ አበላሸሁ። መጀመሪያ በየቀኑ አጠጣሁት፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ። «ጠምቶት ነው» ብዬ ጨመርኩ፤ ለካ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ እየታፈነ ነበር። ቀጥሎ አንድ ደንበኛዬ ከእርሻ የተረፈውን ዩሪያ እፍኝ አመጣልኝ። ከዚያ በኋላ አበደ ማለት ይቀላል፤ በሁለት ወር የቁመቴን ያህል ቀንበጥ ሰደደ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፣ እሾሁ ወፈረ። እምቡጥ ግን የለም። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን የሚያሳድገው ደግሞ ቅጠል። ቦገንቪሊያ ትንሽ ሲራብ፣ ትንሽ ሲጠማ፣ ሥሩም መትከያው ውስጥ ጠበብ ሲለው ነው የሚያብበው። ሦስተኛው ጥፋቴ የቡና አተላ ነው። ሁሉም ሰው «አተላውን አበባው ላይ ድፊው፣ ማዳበሪያ ነው» ይላል። በቀን ሦስት አራት ጀበና የሚያፈላ ሰው አተላውን አንድ መትከያ ላይ ሲደፋ ምን እንደሚሆን ግን አይተው አያውቁም። ላዩ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፣ ውሃ በዳር በዳር ይፈስሳል፣ ውስጡ ደግሞ አየር ያጣል። አሁን አተላውን የጓሮ ብስባሽ ላይ እጥለዋለሁ፤ ከፍግና ከቅጠል ጋር ከበሰበሰ በኋላ ነው ወደ አበባ የሚሄደው።

አንዴ አበበ ያልኳችሁ መጋቢት 2016 ላይ ነው። ያን ቀን ቡና ማፍላቱን ትቼ አንዷን ዘለላ ቀጥፌ መዳፌ ላይ አድርጌ አየኋት። ሐምራዊዎቹ ሦስቱ ክንፎች እንደ ሲጋራ ወረቀት የሳሱ ናቸው፤ ወደ ብርሃን ሳነሣቸው ልክ የቅጠል ሥር የመሰለ መስመር ታየኝ። እውነትም ቅጠሎች ናቸው። አበባው መካከላቸው ነው፤ ከክብሪት እንጨት የማትወፍር ቱቦ፣ ጫፏ ላይ ነጭ ኮከብ የመሰለች አፍ ያላት። በየክንፉ አንዲት አንዲት ተጣብቃለች። ያ ሁሉ ድምቀት እነዚህን ጥቃቅን ነጮች ለማሳየት የተዘረጋ ነጠላ ነው። ቅጠል በመሆኑም ነው ሳይጠወልግ ሳምንታት የሚቆየው።

ተክሉ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1767 በፈረንሳዊው ቡጋንቪል የባሕር ጉዞ ላይ የነበረው የዕፅዋት አጥኚ ፊሊቤር ኮመርሶን ብራዚል፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ አገኘውና በአለቃው ስም ሰየመው። መርከቡ ላይ ረዳቱ ሆና የሠራችው ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። ሴት መሳፈር ክልክል ስለነበር ወንድ መስላ ለብሳ ነው የገባችው፤ ዓለምን በመርከብ የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀውም እሷ ናት። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቦገንቪሊያን ሳይ የምትታሰበኝ እሷ ናት፣ ስሟ አበባው ላይ አለመኖሩ ያንገበግበኛል።

እህቴ ምን አደረገች? እውነቱን ለመናገር ብዙም አላደረገችም። የተከለችው ወደ ደቡብ የዞረ የብሎኬት ግድግዳ ሥር ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ያ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፣ ማታም ሙቀቱን ይመልሳል። አፈሩ ቀይና ጠጠራማ ነው፣ ውሃ አይቋጥርም። ላስቲኩን በምላጭ በጎን ቀድዳ፣ አፈሩ ሳይፈርስ እንዳለ ጉድጓድ ውስጥ አስገባችው፤ የቦገንቪሊያ ሥር ቀጫጭን ነው፣ ከተጎተተ ይበጠሳል። በበጋ በአሥር ቀን አንዴ ሁለት ባልዲ ታጠጣዋለች፣ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ አትነካውም። ክረምት ሲገባ ጭራሽ ትረሳዋለች። አበባው ሲያልቅ ረጃጅሙን ትገርዘዋለች፣ ምክንያቱም የሚያብበው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ይሄው ነው።

እሷም ግን የምታማርርበት አለ። የረገፈው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ወረቀት የተቀደደ ይመስል ግቢው ላይ ይበተናል፤ ጠዋት ጠርጋ ማታ ትጠርጋለች። እሾሁ ነጠላዋን ሁለት ጊዜ ቀዶባታል። ሕፃናት ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ መንገድ ዳር ባትተክሉት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ጄራኒየም። እኔ ለጄራኒየም ልቤ ያደላል፣ አልደብቅም። ከዚህ ከቀዩ በፊት እናቴ በወተት ጣሳ ተክላ የሰጠችኝ ሮዝ ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሲደርስብን ደሴን ለቀን ወጣን። ያኔ ሰው አበባ አያስብም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ስመለስ የቤቴ በር ተገንጥሏል፣ ጀበናዎቼም ስኒዎቼም የሉም። ጣሳው ግን በረንዳው ጥግ ከክፈፉ ሥር ቆሟል። ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ፣ ግንዱ እንደ ደረቀ ጣት ተጨማዶ። ጫፉን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሰባት ሳምንት ያህል አንድ ጠብታ ውሃ ሳያገኝ፣ በዚያ በታኅሣሥ ብርድ! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የካቲት ላይ አቆጠቆጠ።

ይሄ ተአምር አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። በረንዳ ላይ የምናሳድጋቸው ጄራኒየሞች ትክክለኛ ስማቸው ፔላርጎኒየም ነው፣ የብዙዎቹ መነሻም ደቡብ አፍሪካ ነው። ድርቅ ስለለመዱ ወፍራም ግንዳቸው ውስጥ ውሃ ይቋጥራሉ። ስለዚህ ጄራኒየም ከጥማት ይልቅ በጥጋብ ነው የሚሞተው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ፣ ቅጠሉን ሳታረጥቡ። ግንዱ ከሥር ጀምሮ ጥቁር ከሆነ ማዳን አይቻልም፤ ከላይ ያለውን ጤነኛውን ቆርጣችሁ አዲስ ትከሉ፣ አፈሩን ጣሉት። የመትከያው ቂጥ ቀዳዳ ይኑረው። ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ እኔ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ አደርጋለሁ።

ጠላቱ የደሴ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ በር ድረስ ሲመጣ ቅጠሉን ዋግ ይመታዋል። ከላይ ቢጫ ነጥብ ታያላችሁ፤ ገልበጥ ስታደርጉት ክብ ክብ የሠራ ቡናማ ዱቄት አለ። ልክ ስንዴ ላይ እንደምናየው ነው የሚመስለው። የተመታውን ቅጠል ለቅማችሁ አቃጥሉት፣ መትከያዎቹን አራርቁ፣ ከክፈፍ ሥር አስገቡ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድም ያው ክፈፍ ይበቃዋል፤ ሜዳ ላይ ከተዋችሁት ግን ጠዋት የተቀቀለ ጎመን መስሎ ታገኙታላችሁ።

አበባው ሲጠወልግ ከላይ አትቀንጥሱት። ዘንጉን እስከ ግንዱ ተከትላችሁ መጋጠሚያው ላይ ወደ ጎን ስትጫኑት ቀጭ ብሎ ይላቀቃል፣ ከዚያው ጎን አዲስ ይወጣል። ካልነቀላችሁት ኃይሉ ዘር ላይ ያልቃል። በሁለት ዓመቱ ደግሞ ግንዱ እንጨት ሆኖ ከሥሩ ይራቆታል፤ ያኔ ማደስ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ አንድ ስንዝር የማይሞላ ጫፍ ከአንጓው በታች ቁረጡ፣ የታቹን ቅጠል አንሡ፣ ጥላ ላይ ግማሽ ቀን አቆዩት። ይሄን መጠበቅ ነው ብዙ ሰው የማይችለው። ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። ከዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ ላስቲክ ሳታለብሱት። ወር ሳይሞላ ሥር ይይዛል። ከቆቃ አካባቢ እርሻዎች የጄራኒየም ቁርጥ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን አውሮፓ እየሄደ እዚያ ነው የሚተከለው፤ ያን ያህል መንገድ ከቻለ ከኔ በረንዳ እናንተ ቤት አያቅተውም፣ አብሽሩ።

እንግዲህ ግዢውን በተመለከተ። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ የሚበዛበት ግድግዳና መሬት ያለው ሰው ቦገንቪሊያን ይግዛ፣ ገንዘቡ አይቆጨውም። ደሴም ቢሆን ፈጽሞ አይሆንም አልልም፤ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ከነፋስ የተከለለ ግድግዳ ላይ አምሮበት ያየሁት ቤት አለ። በረንዳና ጣሳ ብቻ ላለን ግን ጄራኒየም ነው፣ እሱንም ገንዘብ ሳታወጡ ከጎረቤት ቆርጣችሁ።

የኔን ቦገንቪሊያ በዚህ ጥቅምት እህቴ ጋ ላወርደው ነው፣ ሥሩ እንዳይነካ ከነባልዲው። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ካለኝ እንቢ ብዬ ጉልበቴ ላይ እይዘዋለሁ። በቦታው የሚገቡ አምስት የሮዙ ቁርጦች አሸዋ ላይ ናቸው፤ ትናንት በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ሳብ ሳደርጋቸው ሦስቱ አልነቀልም ብለዋል።