ድጉስ፣ የአውሮፓ የቆዳ ጥራዝ ወይስ ሙጫ? መጽሐፍ ለሚያስጠርዙ

መጽሐፍ ሊያስጠርዝ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ቆዳው ቀለም ነው። ቀዩ ያምራል ወይስ ቡናማው? ይጠይቅ፣ ክፋት የለውም፤ ነገር ግን የጥራዙ ዕድሜ የሚወሰነው ጀርባው ላይ ነው። ቅጠሎቹ እርስ በርስ በምን ተያያዙ? ከሽፋኑስ ጋር?

ከቤታችን እንጀምር። ድጉስ በጋለ ብረት ጌጥ የታተመበት ቆዳ የሚለብሰው የአገራችን ባህላዊ የብራና ጥራዝ ነው፤ መሠረቱ ከእንጨት የተጠረበ ገበታ ነው። የታጠፉት የብራና ቅጠሎች በተገመደ ጅማት ወይም በጠንካራ ክር እንደ ሰንሰለት እየተቆላለፉ ይሰፋሉ፤ የጥንት የግብፅ ክርስቲያኖች መጻሕፍት የተሰፉትም በዚሁ ዓይነት ስፌት ነው። ክሩ በገበታው ጠርዝ በተበሱ ቀዳዳዎች ያልፍና ሽፋኑንም ራሱ ይይዛል። ጀርባውን የሚያደርቅ ሙጫ ስለሌለ መጽሐፉ በተከፈተበት ገጽ ተዘርግቶ ይቀመጣል። በየዕለቱ ዳዊት ለሚደግም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ገበታው ቆዳ ይለብሳል፤ ደጓሹም ብረቱን እያጋለ ሐረጉንና መስቀሉን መስመር በመስመር ያትማል። ወርቅ የለበትም፤ ጌጡ ብረቱ በቆዳው ላይ የተወው ጥልቀት ብቻ ነው። ሥራውን ለመመዘን መጽሐፉን ወደ መስኮት አስጠግተው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። መስመሮቹ ማዕዘን ላይ ሳይተላለፉ ይገናኛሉ? ጥልቀታቸው እኩል ነው? ሽፋኑን ሲገልጡ ደግሞ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ በመካከል የቀረው እንጨት በጨርቅ ተሸፍኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ብዙ ሰው የማያየው ይህ ጨርቅ ለእኔ ከፊት ለፊቱ መስቀል ያላነሰ ውበት አለው። ጉዳቱ ክብደቱና የገበታው ተሰባሪነት ነው። ደግነቱ የተሰነጠቀ ገበታ በክር ይሰፋል። ለጉዞ ማኅደር፣ ማለትም የመጽሐፍ መያዣ ከረጢት፣ አብሮ ማሠራት ይገባል።

የአውሮፓው ጥሩ የእጅ ጥራዝ ሌላ መንገድ ይከተላል። የታጠፈው ወረቀት የሚሰፋው ጀርባው ላይ በተዘረጉ ገመዶች ወይም ጥብጣቦች ዙሪያ ነው፤ የገመዶቹ ጫፍ ወደ ካርቶኑ ገብቶ ይታሰራል። የፍየል ቆዳው በስለት እየሳሳ ይለብሳል፣ ራስጌና ግርጌው በሐር ክር ይጠለፋል። ለወርቁ ቦታው እንቁላል ነጭ ይቀባል፣ ስስ የወርቅ ቅጠል ይነጠፋል፣ የጋለ ብረት ይጫናል። ብረቱ ከበረደ ወርቁ አይዝም፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ቆዳው ያርራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ እንደ ፒየር ሌግራን ያሉ የጥራዝ ነዳፊዎች ይህን ጥበብ ከአበባና ከዳንቴል ጌጥ አላቀው ወደ ዘመናዊ ሥዕል አስጠጉት። የለንደኖቹ ጠራዦች ሳንጎርስኪና ሳትክሊፍ ደግሞ ከ1,000 በላይ የከበሩ ድንጋዮች የሰኩበት ጥራዝ ሠርተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ከታይታኒክ መርከብ ጋር ሰጠመ። እንዲህ ያለው ሥራ ለሰብሳቢ እንጂ ለአንባቢ አይደለም።

የዚህ ጥራዝ ደካማ ቦታ ሽፋኑ የሚታጠፍበት መስመር ነው፤ ቆዳው እዚያ ላይ ይላላል፣ ይቆረጣል። ገዢ የሚታለልበት ግን ጀርባው ላይ ባሉት ጉብታዎች ነው። እውነተኛው ጉብታ ከሥሩ ገመድ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከቆዳው ሥር የተለጠፈ የካርቶን ቁራጭ ብቻ ነው። መጽሐፉን በእጥፋቱ መካከል ይክፈቱና ክር ይፈልጉ። ክር ከሌለ የተለጠፈ ወረቀት ላይ የለበሰ ቆዳ ሊገዙ ነው።

ገንዘብ ለመቆጠብ ከስፌቱ ሳይሆን ከቆዳው ይቀንሱ። ጀርባውና ማዕዘኖቹ ብቻ ቆዳ ሆነው ቀሪው ጨርቅ ወይም ጌጠኛ ወረቀት ቢለብስ ጥንካሬው አይጓደልም። በወረቀት ለታተመ ወፍራም መጽሐፍ ምርጫዬ ይህ ነው፤ ለብራና ግን ድጉስን የሚያህል የለም።

ሦስተኛው፣ ያለ ስፌት በሙጫ ብቻ የሚያያዘው ጥራዝ፣ እንደ መመረቂያ ጽሑፍ ላለ በነጠላ ወረቀት ለታተመ ሥራ የሚሆን ነው፤ ይረክሳል፣ በቶሎ ይደርሳል። ነጠላ ወረቀት እጥፋት ስለሌለው በመካከሉ መስፋት አይቻልም። ስለዚህ ጠራዡ ወረቀቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዘመመ ሙጫው በየገጹ ጠርዝ ጥቂት እንዲገባ ያድርግ። ውድ ቆዳ ግን አያልብሱት።

ያረጀ መጽሐፍ ለማሳደስ ከሆነ ጠራዡ የስንዴ ሊጥ ሙጫ ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቁ፤ በውሃ ስለሚለቅ ወደፊት የሚጠግነው ሰው ሥራ ይቀለዋል። ነጩ የፋብሪካ ሙጫ ከደረቀ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የብራና መጽሐፍ ገዝተው ወደ ውጭ የሚወስዱ ደግሞ አዲስ የተሠራውን ከነደረሰኙ ይያዙ፤ ጥንታዊው በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።